ጥርሳሙ ቀበቶና የአቶ አያሌው ልቅሶ

በሰፈራችን ከእኔ የባሰ ፈሪ አልነበረም። ምድጃ አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ አመዱን እዳስሳለሁ። ልጆቼ ጣና ዳር ከሄዱ ጉማሬ፣ ቤት ከዋሉ ትኩሳት ይታየኛል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምሁት እንኳን ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ስለነበረና ወንዙ በክረምት ስለሚያጓራ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምታነቡትን ያደረገችው ሌላ ሴት እንዳትመስላችሁ ብዬ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር እንኖራለን። ባለቤቴ ሙሉጌታ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። አንድ ጣሊያናዊ የመንገድ ሥራ ባለሙያ አገር ለቆ ሲሄድ ትንሽ መኪናውን በርካሽ ሸጦለት ነበርና ሙሉጌታ ከፈረቃ ሲወጣ ሙሽራም፣ በሽተኛም፣ በግም ይጭንባታል። ጣሊያኑ ከመኪናዋ ጋር አንድ ጥቁር፣ በውስጥ በኩል ጥርስ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ መርቆ ሰጥቶታል። ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ሙሉጌታ ከምስማር ላይ ሰቀለውና "ያጠፋ ልጅ በዚህ ነው!" ብሎ አወጀ። አንድም ቀን አልመታበትም። ነገር ግን አራቱም ልጆቼ ያደጉት ያንን ጥርሳም ቀበቶ እያዩ ነው። ትልቋ ትርንጎማ በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነበር።

ትርንጎ አስተማሪ አግብታ ዱርቤቴ ገባች። አረገዘች። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነውና ወሯ እስኪገባ ስጠብቅ፣ ባሏ በአውቶቡስ ሹፌር መልእክት ሰደደ። የጤና ጣቢያው ሰው ሆዷን ዳስሶ "የልጁ ራስ ወደ ላይ ነው፤ ሆስፒታል ካልሆነ እዚህ አናዋልዳትም፤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ውሰዷት" ብሏል። አውቶቡሱ ሰው እንደ ጆንያ የሚደረደርበት፣ መንገዱም ጠጠርና ጉድጓድ ነው። ሙሉጌታ "ከነገ ወዲያ ዕረፍቴ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ በራሳችን መኪና እናመጣታለን" አለኝ። እኔም በዚያ ተጽናንቼ አደርሁ።

ጠዋት ሙሉጌታ መኪናዋን ለነገ ሊሞክራት ሲያስነሣት ጎረቤታችን የከባድ መኪና ሹፌሩ በአጥር በኩል ጆሮውን አዘነበለ።

"ሙሉጌታ፣ የዚህች ቺንጋ ከገዛሃት ወዲህ ተቀይሯል?"

"የምን ቺንጋ?"

"እኔም ብያለሁ!" አለና ገባ። ኮፈኑን አንሥቶ በሞተሩ ጎን ያለውን ክዳን ፈታ። ከውስጥ ሁለት ጥርሳም መዘውሮች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በሁለቱ ላይ የዞረው ጥቁር ቀበቶ፣ ቺንጋ የሚሉት፣ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። "ይኼ ከተበጠሰ መኪናዋ መቆሟ ብቻ እንዳይመስልህ። ሞተሩ ውስጡን በራሱ ቀጥቅጦ ይጨርሳል። የሚበጠሰውም ደጅህ ላይ አይደለም፤ ሰው የሌለበት መሀል ሜዳ መርጦ ነው።"

ሙሉጌታ ኮፈኑን ዘጋው። "እስከ ዛሬ ተበጥሷል? አልተበጠሰም። ሞተር እንደ አማት ነው፤ ካልነካኩት አይነካም።" ይህን ብሎ በብስክሌቱ ወደ ፋብሪካው ሄደ።

እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ምጥ የያዛት ልጄ መሀል ሜዳ ላይ፣ ሙሉጌታ ኮፈን ከፍቶ እያፏጨ፣ ጭልፊት በላያችን ስትዞር ታየኝ። ቤት ገብቼ ውኃ ልጠጣ ስል ዓይኔ ምስማሩ ላይ አረፈ። ጥቁር፣ ጥርሳም፣ ያልተሰነጠቀ። ያ ሁሉ ዘመን ልጆች ያስፈራራንበት ጅራፍ የመኪናዋ ዕቃ ኖሯል! አወረድሁት፣ ከነጠላዬ ሥር ሸሸግሁትና፣ ጎረቤታችን ጭነቱን ይዞ ወጥቶ ስለ ነበር፣ የሚገጥመው ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ኅብረት ሥራ ጋራዡ ነው። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነገሬን አስረዳሁ። ቀና ብሎም አላየኝ።

"ጓዲት፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ይዘሻል?"

"አልያዝሁም።"

"የመንግሥት መኪናዎች ተራ ይጠብቃሉ። ከእነሱ ቀጥሎ የማኅበራት አሉ። የግል መኪና በሚመጣው ወር ለኮሚቴው ይቀርባል።"

"ልጄ እኮ ልትወልድ ነው። በሚመጣው ወር ልጁ ክርስትና ይነሣል።"

"ልጁም ተራውን ይጠብቃል እንግዲህ" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ተነሣ። የጋራዡ ሠራተኞች በሙሉ መፍቻቸውን ጥለው ተከተሉት።

እንባዬን እየጠረግሁ ስወጣ ሽማግሌው ዘበኛ በር ሲከፍቱልኝ ዝቅ ብለው "ሐይቁ ዳር ሰይድ የሚባል አለ። የግሉ ጋራዥ ነው። የጀልባ ሞተር እንኳ ከሞት ያስነሣል" አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እኔ ምንም አልነገርሁሽም፣ ጓዲት!" ብለው በሩን ዘጉት።

የሰይድ ጋራዥ የቆርቆሮ በሩ ተቆልፎ ደጁ ላይ አንዲት ፍየል ተኝታለች። አጠገቡ ካለው ግቢ ግን ድንኳን ተተክሎ ሰው ይተራመሳል። ከበሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ ሰይድ የት እንዳለ ጠየቅሁት።

"ልቅሶ ላይ ነዋ! ጎረቤታችን አቶ አያሌው ትናንት ተቀበሩ። የጀልባ ነጋዴው።"

"ለጥቂት ሰዓት ጋራዡን ሊከፍትልኝ አይችልም?"

ሰውየው ትቢያ እንደረጨሁበት አየኝ። "የእድራችንን ሕግ አታውቂም መሰለኝ። እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ሠልስት ሳይወጣ የከፈተ ከእድር ይሰረዛል። ሲሞት ራሱን ይቅበር።" አገጩን ወደ ድንኳኑ ጥግ ቀሰረ። "ሰይድ ማለት ያውልሽ፣ ያ ካርታ የሚሰጠው ነው።"

ባለነጭ ቆቡ፣ ጋቢ የለበሰው፣ ሪዙን ያሳመረው ሰው ካርታውን ሲያከፋፍል አየሁት። ከእኔ እስከ እሱ ያለው የድንኳኑ ርዝመት ብቻ ነው። ነገር ግን ልቅሶ ቤት ዝም ተብሎ አይገባም። ሴት ከሆንሽ ከበሩ ጀምረሽ ታለቅሻለሽ። ዝም ብለሽ ከገባሽ ወይ ሟችን ገድለሻል፣ ወይ ልትበዪ መጥተሻል። አቶ አያሌውን ደግሞ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

እስቲ እንደ ነገሩ "ወይኔ!" ብዬ ልለፍ ብዬ አፌን ከፈትሁ። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀምሁት ሁሉ፣ የልጄ ሆድ፣ የተሰነጠቀው ቀበቶ፣ የሊቀመንበሩ ሳቅ፣ በአንድ ላይ ፈነዳ። ደረቴን መታሁ። ነጠላዬን አገለደምሁ። ዓይኔን ከመካኒኩ ሳልነቅል፣ የት እንደ ተማርሁት የማላውቀውን ሙሾ አወረድሁ፦

"አንተ ካልተነሣህ ካልመጣህ በጊዜ፣
ማን ያሻግረኛል እኔን ከትካዜ!"

ካርታ ተጫዋቾቹ እጃቸውን አቆሙ። እኔ ያላየሁት ነገር፣ ከሰይድ ራስ በላይ የአቶ አያሌው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ኖሯል። ሰው ሁሉ እኔንና ፎቶግራፉን እያፈራረቀ አየ።

"ይችስ የቅርብ ናት" አለች አንዷ።

"እጅግ የቅርብ ናት እንጂ!" አለች ሌላዋ፣ ክርኗን ወደ ጎን እየሰደደች።

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። የሟች ሚስት እሜቴ የሻረግ ጥቁር ለብሰው ከቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹን በእጃቸው አሰናበቱና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓይናቸው ደርቋል።

"የዘጌዋን አውቃታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የቆላ ድባዋን ትናንት ቀብሩ ላይ አየኋት። አንቺ አዲስ ነሽ። የት አገኘሽ?"

ጆሮዬን አላመንሁም። "እሜቴ፣ ኧረ በማርያም! እኔ ባለትዳር ነኝ!"

"እነሱም ነበሩ። ልጅ አለሽ?"

"አራት።"

"አራት!" ደረታቸውን ደለቁ። "ለእኔ ሁለት ብቻ ሰጥቶኝ!"

"የባሌ ናቸው እሜቴ! አቶ አያሌውን አላውቃቸውም! እኔ የመጣሁት ለቺንጋ ነው!"

"ቺንጋ ደግሞ የማን ልጅ ናት?"

ሌላ መውጫ አጣሁ። ከነጠላዬ ሥር ጥርሳሙን ቀበቶ አወጣሁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥሁት። ከትርንጎ ሆድ ጀምሬ፣ ምስማሩን፣ ኮሚቴውን፣ ዘበኛውን፣ ፍየሏን ሳይቀር ነገርኋቸው። ያለቀስሁትም ለሰይድ መሆኑን ተናገርሁ። እሜቴ የሻረግ ቀበቶውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኋቸው ብዬ ደነገጥሁ። ጠጋ ስል ግን ሳቅ ነው! አፋቸውን በነጠላ አፍነው ይፍለቀለቃሉ። ከበር ውጭ ያሉት ሴቶች የትከሻቸውን መንቀጥቀጥ በመጋረጃው ቀዳዳ አይተው፣ ሐዘኑ የጸናባቸው መስሏቸው ግቢውን በእሪታ አናወጡት። እሜቴ ይህን ሲሰሙ ይብስ ሳቁ።

ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ከትናንት ጀምሮ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር" አሉኝ። "የእድሩን ዳኛ ጥሩልኝ።"

ዳኛው ዱላቸውን ይዘው ገቡ።

"ሰይድን ልቀቁት" አሉ እሜቴ። "ከዚህች ሴት ጋር ይሂድና መኪናዋን ይሥራ።"

"እሜቴ የሻረግ፣ ሠልስት ሳይወጣ? ሕግ እኮ ነው። ዛሬ ለሰይድ ብንፈቅድ ነገ ሁሉም መሮና መጋዙን ይዞ ይነሣል።"

"ሕጉ የቆመው ለማን ሐዘን ነው?"

"ለእርስዎ።"

"እንግዲያ ሐዘኑ የእኔ ነው። እኔ ፈቀድሁ። አያሌው በሕይወቱ ሴት መንገድ ላይ ጥሎ አልፎ አያውቅም። የእኔም መከራ ይኸው ነበር። ሞተ ብለን ጠባዩን እንለውጥበት?"

ዳኛው "እዚህ መዶሻ እንዳይሰማ፤ እቤቷ ሄዶ ይሥራ" ብለው ወጡ።

ሰይድ የካርታ ጨዋታው ስለ ተቋረጠ እያጉረመረመ፣ መፍቻዎቹን በጆንያ ይዞ ተከተለኝ። መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲያመሰግን ነው የሄደው። "በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የእኔን እጅ ያልቀመሰ ሞተር ካለ ገና አልተሠራም ማለት ነው" ይላል። ቤት ስንደርስ ቀበቶውን ወደ ብርሃን አውጥቶ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ አሸተተው።

"የት ነበር?"

"ምስማር ላይ። ልጆች እናስፈራራበት ነበር።"

"መትታችሁበታል?"

"ኧረ የለም!"

"ልጆችሽ ጨዋ ባይሆኑ ኖሮ ዛሬ ጉድሽ ፈልቶ ነበር" አለና ጋቢውን አውልቆ ሥራ ጀመረ።

አሮጌው ቀበቶ ሲወልቅ ጥርሶቹ እንደ ፍርፋሪ እጁ ላይ ቀሩ። ሰይድ ቀልዱን አቆመ። "እትዬ፣ በዚህ ዱርቤቴ ልትሄዱ ነበር? መርዓዊም አትደርሱም።" ቀጥሎ የተናገረው የባሰ ነበር። "ረዳቴ ድንኳን ውስጥ ቀርቷል፤ እሱን አልፈቀዱልኝም። ነይ፣ እጅሽን ወዲህ አምጪ።"

"እኔ? ኧረ እኔ እፈራለሁ!"

"ፍሪ። ግን እየፈራሽ ያዢ።"

የላይኛው መዘውር ላይ ያለችውን ምልክት አሳየኝ። የታችኛውም የራሱ ምልክት አለው። ሁለቱ በየቦታቸው ቆመው አዲሱ ቀበቶ ካልተጠመደ በቀር ሞተሩ መሥራት አይችልም፤ ቢነሣም ይሰባበራል። የላይኛው መዘውር ደግሞ ከሥሩ ያለው ሞላ እየገፋው ቶሎ ሸርተት ይላል። "አንድ ጥርስ ብትሸራተት ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው" አለኝ። በሁለት እጄ ጨበጥሁት። መዘውሩ እንደ በግ ጠቦት ከእጄ ሊያመልጥ ይታገለኛል። ሰይድ ከታች ተንጋሎ ቀበቶውን እያለማመደ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይሳደባል። ዓይኔን ከምልክቷ አልነቀልሁም። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች፤ ተውኋት። ላቤ ዓይኔ ገባ፤ ተውሁት።

በዚህ መሀል ሙሉጌታ ብስክሌቱን እየገፋ ገባ። ሚስቱ እስከ ክርኗ ሞተር ውስጥ ገብታ፣ ከእግሯ ሥር ሪዛም ሰውዬ ተንጋሎ አየ።

"ደብሬ! ምንድን ነው ይኼ?"

"ዝም በል አንተ ሰው!" አለው ሰይድ ከሥር። "አሁን ሚስትህን ካናገርሃት ሞተርህ ይሞታል!"

ሙሉጌታ ብስክሌቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔም አልመለስሁለትም። በትዳራችን ባሌ ጠርቶኝ "አቤት" ሳልል ስቀር የመጀመሪያዬ ነው።

"ልቀቂ!" አለ ሰይድ በመጨረሻ። ጣቶቼ እምቢ ስላሉኝ አንድ በአንድ ያላቀቀኝ እሱ ነው። ማጥበቂያውን አጠበቀ፣ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ ብሎ በእጁ ሁለት ዙር አዞረው። ውስጡ እርስ በርሱ የትም አልነካካም። ምልክቶቹ ተመልሰው ልክ በየቦታቸው ቆሙ። ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ተነሣች።

"ብዙ ረዳት አይቻለሁ" አለኝ ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ጎበዝ የሆነ ሁሉ 'ይዣለሁ፣ ይዣለሁ' ይልና ያንሸራትታል። እንዳንቺ ያለ ፈሪ ግን አግኝቼ አላውቅም።"

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። መንገዱን ሁሉ ከሙሉጌታ ጋር አልተነጋገርሁም፤ ሞተሩን ነበር የማዳምጠው። መርዓዊን ስናልፍ አማተብሁ። ትርንጎ ደጃፏ ላይ ወንበር ይዛ ስትጠብቀን አገኘናት፤ ምጡ ጀምሯታል። ስንመለስ ገበያ የሚነዱ ከብቶች መንገዱን ሞልተው አስቆሙን። እሷ እጄን ትጨብጣለች፣ እኔ ሞተሩ እንዳይጠፋ እጸልያለሁ፣ ሙሉጌታ በመስኮት ብቅ ብሎ በሬዎቹን በየስማቸው እንደሚያውቅ ሰው ይለምናቸዋል። ሞተሩ ያለ አንዳች እንከን እንደ ድመት እያንኮራፋ ጠበቀን። ሆስፒታል ደርሰን ብዙም ሳንቆይ ልጁ በእግሩ መጣ። ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ ጨረስሁት፤ እስከ ዛሬም አንዳንድ ቀን እጨርሰዋለሁ።

ትርንጎ ቤት ገብታ አራስ አልጋ ላይ ጋደም ስትል እንደ ልማዷ ፊቷን ከግድግዳው አዞረች። ቆይታ መለስ ብላ አየችና ባዶ ምስማር ሆነባት።

"እማ፣ ያ ጅራፍ የት ሄደ?"

"አንቺን ሊያመጣ ሄዶ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ቀረ" አልኋት።

ክርስትናው ዕለት እሜቴ የሻረግን ጠራኋቸው። ሰይድም መጣ፤ በሁለት ጉንጩ እየበላ "ያቺን ፈሪ ሰኞ ላክልኝ፤ ደመወዝ እከፍላታለሁ" አለው ለሙሉጌታ። ሙሉጌታ የሰው መሳቂያ ልታደርጉኝ ነው ብሎ አኮረፈ። እኔ ግን ሰኞ ሄድሁ። ማክሰኞም ሄድሁ። ሴት በጋራዥ ታይቶ አይታወቅም ያሉ ሁሉ ለማየት መጡ፤ ሲያዩም መኪናቸውን ይዘው መጡ። አንድ ቀን የኅብረት ሥራ ጋራዡ ሊቀመንበር መኪናውን አሾልኮ በጓሮ በኩል አስገባ። ተራ ይጠብቅ አላልሁትም፤ ፈራሁት። ግን ሥራውን እስክንጨርስ ፍየሏ አጠገብ አስቀመጥሁት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ደፋር ሆንሁ ብዬ እንዳልዋሻችሁ። ዛሬም አመድ እዳስሳለሁ። ፍርሃታችሁን ጣሉት የሚሏችሁን ግን አትስሟቸው። ፍርሃቴ ዕድሜ ልኬን ሥራ ፈትቶ ነበር የሚያምሰኝ። አንድ ቀን የሚጨብጠው ጥርስ ቢሰጡት እጁን ሳያላውስ ቆመ። የእናንተም ፍርሃት እንደዚያ ይሆን ይሆናል። ሞክሩትና እዩ።

ከአቶ አያሌው ሰፈር ሳልፍ እስካሁን አንዳንድ አሮጊቶች ይጠቃቀሱብኛል። አልፈርድባቸውም፤ የልጅ ልጄን ስም ሰምተዋላ። ሙሉጌታ "ከስም ሁሉ ጠፍቶ!" ብሎ ቢያብድም አያሌው አልነው። ለእሜቴ የሻረግ ያለኝ ምስጋና ሌላ ስም አልመጣለትም። እሳቸው ግን ጠንቃቃ ሴት ነበሩ። በክርስትናው ዕለት መጠቅለያውን ገለጥ አድርገው የሕፃኑን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ መረመሩት። ከዚያ መልሰው ሸፈኑትና በጆሮዬ፣

"አልመሰለውም። ነጻ ነሽ" አሉኝ።